የላም ጉርሻ ቆጣሪው

በከብት ምርምር ጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዋናው ተመራማሪ ድረስ ሁሉም «ቆጣሪው» ነው የሚለው። ሥራው ላም እየተከተሉ ጉርሻ መቁጠር ነበር። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የጎማ ጫማውን አጥልቆ ይወጣና ለዕለቱ ከተመደበችው ላም ሦስት አራት እርምጃ ያህል ርቆ በጎኗ አብሯት ይሄዳል። ቀኝ እጁ ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኗት ቀጭ የምትል ትንሽ የብረት መቁጠሪያ አለች። ላሟ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ቦጭቃ በጎረሰች ቁጥር አንድ ጊዜ ቀጭ ያደርጋታል። አንዳንዷ ላም በደቂቃ አርባ ጊዜ ትጎርሳለች፤ ጥጃ የምታጠባ ከሆነች ስልሳም ትደርሳለች። አሥር ደቂቃ ቆጥሮ ሲያበቃ ይንበረከክና እሷ የመረጠችውን የሣር ዓይነት፣ እሷ በቦጨቀችበት ከፍታ፣ በጣቶቹ መቶ ጊዜ ይቦጭቃል። የቦጨቀውን በወረቀት ከረጢት ከትቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የላሟን የጆሮ ቁጥር ይጽፍበታል።

እንግዳ ሰው ሲያየው ጤነኛ አይመስለውም። ጎልማሳ ሰው ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ሣር ይነጫል፤ ያውም እየቆጠረ። ከአጥሩ ውጭ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የጣቢያው ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው፣ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ «አይዟችሁ፣ አይናከስም» ብሏቸው ነገሩ ለብዙ ጊዜ ሲወራ ኖሯል። ቆጣሪውም አብሮ ስቋል።

ሥራው ግን የዋዛ አልነበረም። በረት ውስጥ ታስሮ የሚቀለብ ከብት ስንት እንደበላ ለማወቅ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም፤ ያቀረቡለትን መዝኖ፣ ያስተረፈውን መዝኖ፣ መቀነስ ነው። ሜዳ ተለቅቆ የሚግጥ ከብት ግን ገበታው ሜዳው ሁሉ ነው። ስንት እንደበላ ካልታወቀ ደግሞ ሣሩ ይበቃው እንደሆነ፣ ተጨማሪ መኖ ይፈልግ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ይገመታል። ጣቢያው ውስጥ ከሁሉ የሚታመነው አጭዶ መመዘን ነበር፤ ከብቶቹ ወደ መስኩ ከመግባታቸው በፊት አራት ማዕዘን የብረት ክፈፍ እዚህም እዚያም እየጣሉ በውስጡ ያለውን ሣር ከሥሩ አጭደው፣ አድርቀው ይመዝናሉ፤ ከብቶቹ ሲወጡም እንደገና እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የጎደለው ተበላ ይባላል። ሌላው መንገድ ከወዲያኛው ጫፍ ነው የሚነሣው። አንድ ሰንጋ ላይ የቆዳ መታጠቂያ አስረው ከጭራው ሥር ከረጢት ያንጠለጥሉና የጣለውን እበት አንድም ሳይቀር ሰብስበው፣ ይህን ያህል እበት የወጣው ምን ያህል ሣር ቢገባ ነው ብለው ወደኋላ ያሰላሉ። የቆጣሪው መንገድ ደግሞ የአንዷን ጉርሻ ክብደት ከብቷ በቀን በምትጎርሰው ቁጥር ማባዛት ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው ምላሱ ነው ማለት ይቻላል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተብታባ ነበር። አንዳንዱ ቃል እንደ ልቡ ይወጣለታል፤ አንዳንዱ ግን ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ተጣብቆ ይቀራል። እናታቸው የሞተችው እሱ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ ያሳደገችው በአሥር ዓመት የምትበልጠው እህቱ ናት። ሱቅ ስትልከው የሚገዛውን ወረቀት ላይ ጽፋ ታስይዘዋለች። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሲያላግጡበት ሄዳ የምትጣላለት እሷ ናት። ሰው ፊት አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ሲቀር፣ ቃሉን ከአፉ ተቀብላ የምትጨርስለትም እሷ ናት። ብዙውን ጊዜ ልክ ታገኘዋለች፤ ባታገኘውም እሱ እሺ ብሎ ያልፈዋል፤ እንደገና ከመጀመር ያ ይሻለው ነበርና።

አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ጣቢያው ውስጥ አጥር ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ቴክኒሻን አንድ ነገር ልብ አሉ። ሌላ ሰው ሲጠጋቸው ላሞቹ ቀና ብለው መብላታቸውን ያቆማሉ፤ ይህ ዝምተኛ ልጅ በመካከላቸው ሲያልፍ ግን ጆሯቸውን እንኳ አያነቁም። መቁጠሪያዋን ሰጡት። ሃያ ሁለት ዓመት ያዛት። ትዳር አልያዘም፤ ከጣቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ነበረችው፤ እሁድ እሁድ እህቱ ቤት ይውላል። እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር በሦስት ላሞች ወተት ነበር የምትኖረው። ቀይዋ፣ ቡላዋና ጥቁሯ።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

ዋናው ተመራማሪ፣ ሁሉም «ዶክተር» ብቻ የሚሏቸው፣ ብርቱና ቅን ሰው ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ የሣር ዘር ሲያላምዱ ቆይተው ተሳክቶላቸው፣ በአካባቢው ያሉ ወተት አምራቾች ዘሩን ወስደው ዘርተውታል። አሁን የቀረው፣ ላም በዚህ ሣር ብቻ መኖር ትችል እንደሆነ መልስ መስጠት ነበር። በጣቢያው ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን ጽፈው ዞር አሉ።

«አጭደን መዝነነዋል» አሉ። «አንድ ከብት በቀን ከዘጠኝ ኪሎ በላይ ደረቅ ሣር ይበላል። ይህ ለምትታለብ ላም ይበቃታል። ፉርሽካና ፋጉሎ መሸከም ከእንግዲህ ቀረ።»

የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ እጇን አወጣች። ይህች ሴት የማድረቂያውን ምድጃና የመመዘኛውን ክፍል የያዘች፣ ለግራም ክፍልፋይ የምትከራከር ስለሆነች «ሚዛኗ» ነበር የምትባለው። «የቆጣሪው ግን ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነው የሚለው» አለች። «የእበቱም ወደዚያው ይጠጋል።»

«አይቼዋለሁ። የእበቱ ከረጢት ሁለት ጊዜ ተንሸራቷል፤ እሱን ትተነዋል። ጉርሻ መቁጠር ደግሞ በሰው ዓይንና በሰው ጣት የሚሠራ ነገር ነው፤ ይስታል። ከሜዳው የጎደለው ሣር ግን ጎድሏል። ከብቱ ካልበላው ማን በላው?»

ቆጣሪው ማን እንደበላው ያውቅ ነበር። በየቀኑ የሚንበረከከው እሱ ነው። አዲሱ ሣር ሥር ሥሩን ቀጭን የአፈር ቅርፊት ሲለብስ፣ ቅርፊቱን በጥፍሩ ሲያነሣው ነጫጭ ምስጦች ሲተራመሱ፣ የተቆረጠ ሣር ወደ መሬት ውስጥ ሲጎትቱ ስንት ጊዜ አይቷል። በዚያ ላይ የተረገጠው አለ፤ እበት ወድቆበት ላም አፍንጫዋን የነፋችበትም አለ። ከሜዳው ጠፋ ማለት ሆድ ገባ ማለት አይደለም። እጁን አነሣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ም... ም... ምስ...»

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሰዓቱን ተመለከተና «ምሳ ደርሷል ነው የሚለው፤ እውነቱን ነው!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶክተሩም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ሳቁ ሲበርድ «ጻፍና አምጣልኝ» አሉትና ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

አልጻፈም። መጻፉንስ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱንም ጊዜ ቀዶታል። እኔ አሥረኛ ክፍል፣ እሳቸው ዶክተር፣ ከሳቸው የማውቀው ምን አለ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። በወሩ ለወተት አምራቾች ሁሉ በራሪ ወረቀት ወጣ፤ አዲሱን ሣር የዘራ ሰው ለላሞቹ ተጨማሪ መኖ መስጠት አያስፈልገውም ይላል።

በሚቀጥለው እሁድ እህቱ ቤት ሲደርስ ጓሮ ሆና የመኖ ገንዳዋን እያጠበች አገኛት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከደረቷ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ና እስቲ ወንድምዓለም። ይህን ያወጣችሁት እናንተ አይደላችሁ? ፉርሽካውን ተዉት ይላል።»

ወረቀቱን አየው፤ አወቀው።

«ወገቤ እንደሆነ ከሰው ተራ ወጥቷል» አለች። «ያን ጆንያ ከዱቄት ፋብሪካው እስከዚህ መሸከም ሊገድለኝ ነው። ግን እንዲህ በወረቀት ስላሉኝ ብቻ አልተወውም። አንተ እዚያው ነህ። አንተ ካልከኝ እተወዋለሁ። ሣሩ ብቻ ይበቃቸዋል?»

በቂ አይደለም ሊላት ነበር። አፉን ከፈተ።

«በ... በ...»

እንደ ልማዷ ቃሉን ተቀበለችው። «በቂ ነው?»

ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ከዓይኗ ሥር ድካም ነበር። እሱም በላብ እንደራሰ፣ አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«እሰይ! ተገላገልኩ በለኛ» አለችና ገንዳዋን ገልብጣ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት።

ዝናቡ እስካለ ድረስ ምንም አልታየም። ሣሩ ለምለም ነው፤ ላሞቹ ይግጣሉ፤ ወተቱ ያው ነው። ቆጣሪውም ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እያለ ራሱን ማጽናናት ጀምሮ ነበር። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ቢጫ ሲሆን ወተቱ ቀነሰ። እህቱ የሆድ ትል ነው ብላ መድኃኒት አጠጣቻቸው። ከዚያ የላሞቹ ጭን አጥንት ማፍጠጥ ጀመረ። እሱ በየእሁዱ ያያል፤ ጎናቸውን ይዳስሳል፤ አንድ ሁለት ጊዜ «ፉ... ፉርሽካ ብትሰጫቸው» ብሏታል። እሷ ግን «አይ፣ አንተ ደግሞ ስታዝን! እናንተው አይደላችሁም እንዴ አያስፈልግም ያላችሁት» ብላ ሳቀችበት። ያን ጊዜም አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ቀይዋ የወለደችው በደረቁ ወቅት አጋማሽ ላይ ነው። በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከተኛችበት መነሣት አቃታት። እህቱ ጣቢያው ድረስ ስልክ አስደወለችና ቆጣሪው ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። የእንስሳት ሐኪሙ ቀድሞት ደርሶ፣ ላሟ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የአንገቷን ሥር እየፈተሸ ነበር።

«በሽታ አይደለም» አለ ሐኪሙ ሲነሣ። «ረሃብ ነው።»

«ረሃብ?» አለች እህቱ። «የምን ረሃብ? ሣሩ እኮ ጉልበቴ ድረስ ነው!»

«የምታይው አገዳውን ነው እናቴ። የሚበላው ቅጠሉ አልቋል። በዚያ ላይ ጥጃ እያጠባች፣ ሌላ የምትበላው ሳይኖራት፣ ከራሷ ሥጋ ነበር የምታወጣው።»

ቀይዋ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጥጃዋ ሳምንት አልቆየም። ጥቁሯ ከአንድ ወር በኋላ ጥጃ አስወረዳትና እሷም ተከተለች። ቡላዋ ቀረች፤ እሷም ቆማ ነው እንጂ አለች የምትባል አልነበረችም። ቀይዋ በሞተችበት ዕለት ሬሳዋን ለማውጣት የመጡት ጎረቤቶች በገመድ ሲጎትቷት እህቱ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ኋላ ስትወጣ ወንድሟ የአጥሩ ግንድ ሥር ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ትከሻውን ያዘችው።

«አንተ ምን ታደርግ ወንድሜ» አለችው። «ሣሩ ነው ጉድ የሠራኝ። አይዞህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ከጣቢያው የተጣለ የአጥር ሽቦ ሰብስቦ ከብት የማይገባባቸው ዘጠኝ ክፍት ሳጥኖች ሠራ። በአዲሱ ሣር መስክ ውስጥ አራራቀና ተከላቸው። ሲተክላቸው በእያንዳንዱ አጠገብ በብረት ክፈፍ ለክቶ ሣር አጨደ፤ በወሩ የሳጥኖቹን ውስጥ አጨደ። ማንም አላዘዘውም። የቀን ሥራውን እየሠራ በምሳ ሰዓቱ ነበር የሚያደርገው። ሣሩን ላቦራቶሪ ሲያመጣ ሚዛኗ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ተቀብላ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ደርቆ ሲመዘን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ይህ ከሽቦው ውስጥ ያለው ነው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ከብት አልገባም?»

«አ... አልገባም።»

«ታዲያ አንድ ሦስተኛው የት ሄደ?»

ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተው። ውስጡ አምስት ስድስት ምስጦችና የተቆራረጠ ሣር ነበር። ሚዛኗ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ሦስት ወር ሙሉ አጨደ፤ ሦስት ወር ሙሉ መዘነችለት። የተተወውን የእበት ሒሳብም ከመዝገብ አውጥታ ከረጢቱ የተንሸራተተባቸውን ሁለት ቀናት ብቻ አስቀርታ እንደገና ሠራችው፤ ስድስት ኪሎ ተኩል መጣ። ከአጨዳው ዘጠኝ ኪሎ ላይ ምስጡ የወሰደውና የተረገጠው ሲቀነስም ከዚያው ገደማ ይደርሳል። ቆጣሪው ሁሉንም በሁለት ገጽ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ስብሰባው ላይ አን... አንብቢልኝ።»

«አላነብልህም» አለችው። «እኔ ካነበብኩት የኔ ወረቀት ይሆናል። ዶክተሩ ጥያቄ ሲያነሡ መልሱ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ሁለት ሰዓት ይፍጅ፤ ማን አቻኮለህ?»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቆሞ ነበር ያነበበው። አንዳንዱ ቃል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገትረው፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። «ምስጥ» የሚለው ቃል ስድስት ቦታ ነበር። ስድስቱንም ተናገረው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጫማውን ሲያይ ነበር፤ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ እሱ ሄዶ ክንዱን ጨብጦት ወጣ።

ዶክተሩ ሰው ከተበተነ በኋላም ከወንበራቸው አልተነሡም። ከዚያ «ሳጥኖቹን አሳየኝ» አሉ። ሁለቱ ብቻ ወደ መስኩ ሄዱ። ዶክተሩ አንዱን ሳጥን ነቅለው ተንበረከኩና አፈሩን በብዕራቸው ጫሩት። ነጫጭ ምስጦች ተተራመሱ።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ፈ... ፈራሁ።»

ዶክተሩ አፈር የነካውን ብዕር በመሐረባቸው ጠረጉ። «እኔም አልጠበቅኩህም» አሉ። «ጻፍ ብዬህ ሄድኩ፤ ሳትጽፍ ስትቀር ደግሞ ደስ አለኝ መሰለኝ። ያ ዘጠኝ ኪሎ የኔ የዘጠኝ ዓመት ልፋት ነበር። ስንት ላም ሞተ?»

«እኔ የ... የማውቀው ሁለት። ከነጥጃቸው።»

ሲጣራ በአካባቢው አሥራ አንድ ላም ሞቶ ነበር።

በሳምንቱ ወተት አምራቾቹ ሁሉ በወተት መሰብሰቢያው አዳራሽ ተጠሩ። ዶክተሩ ሰው አልወከሉም፤ ራሳቸው መጥተው ቆሙ። ወረቀቱ ስሕተት እንደነበረ፣ ስሕተቱም የራሳቸው እንደሆነ፣ ሣሩ ለብቻው ለምትታለብ ላም እንደማይበቃ ተናገሩ። ላም የሞተባቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠየቁ፤ ከጣቢያው መንጋ ጊደር እንዲሰጣቸው እንደሚያደርጉም ቃል ገቡ። ስሕተቱን ያገኘው ይህ ሰው ነው ብለው ቆጣሪውን ጠቆሙ። አንዳንዱ ሰው አጨበጨበ።

እህቱ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር። «ወረቀቱን ይዤ የጠየቅኩህ ቀን ታውቅ ነበር?»

ዶክተሩ «እኔ ልመልስ...» ብለው ጀመሩ።

«ይቅርታዎን ዶክተር፤ እሱን ነው የጠየቅኩት።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱ ቃሉን አልጨረሰችለትም፤ ቆማ ጠበቀችው።

«አ... አውቅ ነበር» አለ።

ሻሿን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሰው እግር መካከል ተሽሎክልካ ወጣች። ወደኋላ አላየችም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከአራት ወር ቃል አልተነጋገሩም። የቆጣሪው እሁዶች ባዶ ሆኑ። በሦስተኛው እሁድ ላይ ግን አጥሯ ዘንድ ሄዶ ቆመ። በሩ አልተዘጋበትም፤ ና ግባም አልተባለም። ወደ ግጦሿ ገብቶ ከቡላዋ ጎን እየተራመደ ጉርሻዋን ቆጠረ፤ ተንበርክኮ ሣር ነጨ። ሐሙስ ዕለት ውጤቱን በወረቀት ጽፎ መጥቶ የበሩ ጉበን ላይ ሰካው፤ በቀን ይህን ያህል እየበላች ነው፣ ፉርሽካ ሁለት ኪሎ፣ ፋጉሎ ግማሽ ኪሎ ጨምሩላት የሚል። ስም አልጻፈበትም። እንዲሁ በየሳምንቱ አደረገ። እህቱ ግቢ ውስጥ ሆና ስታየው ፊቷን ታዞራለች። ወረቀቱ ግን በማግስቱ ከጉበኑ ላይ አይገኝም፤ የቡላዋም ጎን እያደር ሞላ። ከጣቢያው የተሰጠችው ጊደር ስትመጣ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ሆነ።

ጣቢያው ውስጥም ነገር ተለወጠ። ዶክተሩ ከእንግዲህ አንድ ቁጥር ለብቻው ከግቢ እንዳይወጣ አዘዙ፤ አጨዳው፣ እበቱና ጉርሻው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ካልተስማሙ ለምን እንዳልተስማሙ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ምክር አይሰጥም። ኋላ ላይ ላሟ የምትውጠው፣ ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ እንክብል መጣ፤ ከእበቷ ውስጥ የእንክብሉን ምልክት መዝነው የበላችውን ያሰላሉ። ያን ለመማር የመጡትን አዲስ ቴክኒሻኖች ዶክተሩ መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ይልኳቸው ነበር። እሱ ብዙ አያስተምራቸውም። ሜዳ ላይ ያስንበረክካቸውና ሣሩ ሥር ያለውን እንዲነግሩት ይጠብቃል። አንዷ ተማሪ «ምንም የለም» ስትለው «ደ... ደግመሽ እይ» ብሏት ግማሽ ቀን አብሯት ተቀምጧል።

የእህቱ ዓይን መታመሙን የሰማው ከእህቱ ልጅ ነው። ልጅቷ ጣቢያው በር ላይ ቆማ «አጎቴ፣ እማዬ ነገ ዓይኗን ልትቀደድ ነው፤ አጎትሽ ይምጣ ብላለች» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስሟ እስኪጠራ ድረስ አልተናገረችም። ሲያስገቧት ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ስትወጣ ግራ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ነበር፤ ነርሷ ዛሬ ዝቅ እንዳትል፣ ከባድ እንዳታነሣ፣ ለሁለት ሳምንት ጭስና አቧራ እንዳይነካት ነገረቻቸው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆም አለች።

«አልተውኩልህም» አለችው፣ ወደ ፊቷ እያየች። «ውሸት አልነግርህም። ቀይዋን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይቃጠላል። የማላውቀው ሰው ቢያደርገው ረስቼው ነበር።»

እሱ ቦርሳዋን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«ወንድሜ ግን ነህ። ሌላ ወንድም ከየት ላምጣ? ክንዴን ያዘኝ፤ ደረጃው አይታየኝም።»

ያዛት። ሃያ ስድስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ።

ሁለቱን ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወስዶ እህቱ ቤት ሰነበተ። ላሞቹን አለበ፤ ገንዳቸውን አጠበ፤ ጆንያውን ከፋብሪካው ተሸክሞ አመጣ። የእህቱ ልጅ አጎቷ ወተት ሲያልብ ለላሟ በለሆሳስ ሲያወራ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትይዘው ሰምታ፣ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ «ለላም ድሮም አይተበተብም» አለች። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የጓሮውን አጥር ነበር፤ ሁለት ቦታ ላልቷል አለች፤ እሱም መዶሻ ይዞ ወጣ።

እሁዶቹ ተመለሱ። ጡረታ ሲወጣ ከቤቷ ማዶ ሁለት ክፍል ቤት ይዞ ገባ። ጠዋት ጠዋት አጥር ለአጥር ሆነው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ልጅቷ ትዳር ያወራሉ፤ እሷ ፈጣን ናት፣ እሱ ቀስተኛ። ስለሞቱት ላሞች ግን ከዚያ የሆስፒታል ደረጃ በኋላ ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ አንሥተው አያውቁም።